ተዋናይ ኪሊያን መርፊ፦ ስለ ሕይወቱና ስለ ሥራዎቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙዎቻችን ኪሊያን መርፊን ያወቅነው ወይ በ«ፒኪ ብላይንደርስ» ተከታታይ ድራማ ቶማስ ሼልቢን ሆኖ ሲተውን፣ ወይም በ«ኦፐንሃይመር» ፊልም የአቶሚክ ቦምቡን ሥራ የመራውን ሳይንቲስት ሆኖ ሲቀርብ ነው። ከሁለቱ በፊትም ሆነ በኋላ ግን ብዙ ተመልካች ያላያቸው፣ ሰውየውን ከታዋቂ ሥራዎቹ ይልቅ የሚያሳዩ የመድረክና የፊልም ሥራዎች አሉት። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች ለእነዚያ ሥራዎች ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተዋል። ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስሙ በትክክል የሚጠራው እንዴት ነው?

«ኪሊያን» ነው፤ «ሲሊያን» አይደለም። ስሙ የአየርላንድ ቋንቋ ስም ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ የላቲኑ ሦስተኛ ፊደል «ስ» ተብሎ አይነበብም፤ ሁልጊዜ «ክ» ነው። ዓይኑ እንግሊዝኛ ንባብ የለመደ ሰው ስሙን በላቲን ፊደል ሲያየው መሳሳቱ አያስደንቅም። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን እንደሚሰማው ስለሚይዝ፣ «ኪሊያን» ብሎ የጻፈ ሰው አነባበቡንም አብሮ አስተላልፏል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ የአየርላንድ ስም በራሱ ቋንቋ መጠራቱ በዚያች አገር ታሪክ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ከዚህ በታች ስለ አንዱ ፊልሙ ስንናገር እናየዋለን።

የት ተወለደ? ቤተሰቦቹስ እነማን ናቸው?

የተወለደው ሜይ 25 ቀን 1976፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 17 ቀን 1968 ዓ.ም. ነው። የትውልድ ቦታው በደቡብ አየርላንድ የምትገኘው የኮርክ ከተማ ስትሆን፣ ኮርክ በአየርላንድ ሪፐብሊክ ከዋና ከተማዋ ከደብሊን ቀጥላ ትልቋ ናት። አባቱ በአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር ይሠሩ ነበር፤ እናቱ የፈረንሳይኛ መምህርት ነበሩ። አያቱም፣ ከአጎቶቹና ከአክስቶቹም መካከል ብዙዎቹ በመምህርነት የኖሩ ናቸው። እሱ ከአራት ልጆች የመጀመሪያው ነው። የተማረው እዚያው ኮርክ በሚገኘው ፕሬዘንቴሽን ብራዘርስ ኮሌጅ በተባለ የካቶሊክ ወንዶች ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የትወናን ጣዕም መጀመሪያ የቀመሰው በዚያ ሳለ የኮርካዶርካ የቴአትር ቡድን ዳይሬክተር ፓት ኪርናን በሰጠው የድራማ ሥልጠና ላይ ነበር።

ከትወና በፊት ሙዚቀኛ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎን። የልጅነት ሕልሙም ሙዚቃ እንጂ ፊልም አልነበረም። ከወንድሙ ጋር በመሠረተው ባንድ ውስጥ ይዘፍንና ጊታር ይጫወት ነበር። የለንደኑ አሲድ ጃዝ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት የአምስት አልበም ውል ቢያቀርብላቸውም አልፈረሙም፤ ወንድሙ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ የቀረበላቸውም ክፍያ በልዋጩ ከሚሰጡት የዘፈን ባለቤትነት መብት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ሙዚቃውን ግን ጨርሶ አልተወውም፤ በቅርብ ዓመታት በቢቢሲ ሬዲዮ 6 ሙዚክ ላይ የራሱን ምርጫዎች እያጫወተ የሙዚቃ ዝግጅት አቅርቧል። አንድን ትዕይንት እንደ ሙዚቃ ምት ቆጥሮ፣ የት ዝም ማለት እንዳለበት አውቆ የሚተውነው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

የሕግ ተማሪ የነበረ ሰው እንዴት ተዋናይ ሆነ?

መርፊ ራሱ ስለዚህ ሲጠየቅ ዘወትር ወደ አንድ ወር ይመለሳል፤ ወደ ኦገስት 1996። በዚያ ሰሞን በኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን የሕግ ትምህርት የአንደኛ ዓመት ፈተና ወደቀ፤ የሙዚቃውን ውል ላለመፈረም ተወሰነ፤ የወደፊት ባለቤቱን ተዋወቀ፤ «ዲስኮ ፒግስ» በተባለው ተውኔት ላይም የመጀመሪያ ሚናውን አገኘ። ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበር።

ወደ መድረክ የገፋው ያየው አንድ ትርኢት ነው። ኮርካዶርካ የአንቶኒ በርጀስን «ኤ ክሎክዎርክ ኦሬንጅ» በኮርክ ከተማ በሚገኝ የምሽት ክበብ ውስጥ አሳይቶ ነበር። ከፍ ባለ መድረክና በተደረደሩ ወንበሮች ፋንታ ተመልካቹ በተዋናዮቹ መካከል ቆሞ የሚያየው ዝግጅት ነበር። መርፊ ይህን ካየ በኋላ ዕድል እንዲሰጠው ዳይሬክተሩን ደጋግሞ ጠየቀ፤ ወጣቱ ጸሐፌ ተውኔት ኤንዳ ዋልሽ የጻፈው «ዲስኮ ፒግስ» ሲዘጋጅም የወንዱን ሚና አገኘ። ተውኔቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሆስፒታል ተወልደው ጎን ለጎን ያደጉ፣ ለራሳቸው ብቻ የሚገባ ቋንቋ የፈጠሩ የሁለት ወጣቶች ታሪክ ነው። የሴቷን ሚና የያዘችው ኢሊን ዋልሽ ነበረች። በኮርክ ለሦስት ሳምንት ብቻ እንዲታይ የታቀደው ይህ ሥራ በአውሮፓ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ እየተዘዋወረ ሁለት ዓመት ያህል ታየ፤ ሕግ ተማሪውም ወደ ክፍሉ ሳይመለስ ቀረ። ተውኔቱ በ2001 በክርስተን ሸሪዳን ዳይሬክተርነት ፊልም ሲሆንም መርፊ ሚናውን ይዞ ቀጥሏል።

ከኤንዳ ዋልሽ ጋር የጀመሩት ወዳጅነት እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። በ2011 በጎልዌይ የታየውን፣ በኋላም በኒውዮርክና በለንደን የቀረበውን «ሚስተርማን» የተባለ የአንድ ሰው ተውኔት አብረው ሠርተዋል። በዚያ ተውኔት መርፊ በአንድ ሰፊ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየሮጠ የአንድን መንደር ነዋሪዎች ድምፅ ብቻውን ይጫወታል።

የትወና ትምህርት ቤት ገብቶ ያውቃል?

አልገባም። ሙያውን የተማረው መድረክ ላይ ነው።

በፊልም ዓለም የታወቀው መቼ ነው?

በ2002 በወጣው «ትዌንቲ ኤይት ዴይስ ሌተር»፣ ማለትም «ከ28 ቀናት በኋላ» በተሰኘው የዳኒ ቦይል ፊልም ነው። መርፊ የተጫወተው ጂም የተባለ ወጣት ራሱን ስቶ ከቆየበት የሆስፒታል አልጋ ሲነቃ ማንም ሰው አያገኝም፤ ወጥቶ በለንደን ጎዳናዎች ይንከራተታል፤ በዌስትሚኒስተር ድልድይ ላይ የሆስፒታል ልብስ እንደለበሰ፣ የላስቲክ ከረጢት በእጁ አንጠልጥሎ፣ መልስ ወደማይሰጥ ከተማ ይጣራል። ይህ ትዕይንት የተቀረጸው ገና በማለዳ፣ መንገዱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየተዘጋ፣ በቀላል ዲጂታል ካሜራ ነው። እነዚያ የመክፈቻ ደቂቃዎች ከነጭራሹ ንግግር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ተመልካቹን የሚይዘው የአንድ ሰው ፊት ብቻ ነው።

በ2005 ደግሞ ሦስት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሚናዎችን ተጫወተ። በ«ባትማን ቢጊንስ» ጨካኝ የአእምሮ ሐኪም፣ በዌስ ክሬቨን «ሬድ አይ» አውሮፕላን ውስጥ አንዲትን ሴት የሚያስፈራራ ወንጀለኛ፣ በአየርላንዳዊው ኒል ጆርዳን «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» ደግሞ የጠፋች እናቱን ፍለጋ ከትንሽ ከተማ ወደ ለንደን የሚሄድ፣ እንደ ሴት የሚለብስና የሚኖር ወጣት ሆነ። በመጨረሻው ሥራው ለጎልደን ግሎብ ሽልማት ታጭቷል።

ከክሪስቶፈር ኖላን ጋር እንዴት ተገናኙ?

ኖላን መጀመሪያ የጠራው ባትማንን ሆኖ የካሜራ ፈተና እንዲሰጥ ነበር። መርፊ ለዚያ ሚና ተስማሚ ነኝ ብሎ ባያስብም ፈተናውን ሰጠ፤ ዋናው ሚና ለክርስቲያን ቤል ሲሰጥ ኖላን እሱን ሊለቀው ስላልፈለገ የባላንጣውን የዶክተር ክሬንን ሚና ሰጠው። ዳይሬክተሩ በመርፊ ሰማያዊ ዓይኖች ከመማረኩ የተነሳ በቅርበት ሲቀርጸው መነጽሩን የሚያወልቅበትን ሰበብ ይፈልግ እንደነበር ተናግሯል። ከዚያ በኋላ «ዘ ዳርክ ናይት»፣ «ኢንሴፕሽን»፣ «ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ» እና «ደንከርክ» ተከተሉ። በአምስቱም ፊልሞች መርፊ ደጋፊ ሚና ነበረው። ስድስተኛው «ኦፐንሃይመር» ነው።

«ገብሱን የሚያወዛውዘው ነፋስ» ለሚባለው ፊልሙ ለምን ትልቅ ቦታ ይሰጠዋል?

በእኔ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ ይህንን የሚያህል የለም። «ዘ ዊንድ ዛት ሼክስ ዘ ባርሊ» የተሰኘው የኬን ሎች ፊልም በ2006 በካን ፌስቲቫል ከፍተኛውን የወርቅ ዘንባባ ሽልማት ያሸነፈ ሲሆን፣ የተቀረጸውም በመርፊ ትውልድ ስፍራ በኮርክ አውራጃ ነው። ታሪኩ አየርላንድ ከብሪታንያ አገዛዝ ለመላቀቅ ከ1919 እስከ 1921 ያደረገችውን ጦርነትና በማግሥቱ የተነሳውን የእርስ በርስ ጦርነት ይተርካል። ኮርክ በዚያ ዘመን የተፋፋመ ውጊያ ካየችባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ በዲሴምበር 1920 የብሪታንያ ኃይሎች የከተማዋን እምብርት አቃጥለዋል።

መርፊ የሚጫወተው ዴሚየን የተባለ፣ ወደ ለንደን ሆስፒታል ለመሄድ የተዘጋጀ ወጣት ሐኪም ነው። በፊልሙ መጀመሪያ ወታደሮች በአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ወጣቶችን አሰልፈው ስማቸውን ይጠይቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ ስሙን በእንግሊዝኛ አልናገርም ብሎ በአየርላንድ ቋንቋ ይናገራል፤ ወታደሮቹም ወደ ዶሮ ቤት አስገብተው ደብድበው ይገድሉታል። ዴሚየን ይህንንም አይቶ መሄዱን አልተወም ነበር። ባቡር ጣቢያው ላይ ግን የባቡር ሠራተኞች ወታደሮችን አናሳፍርም በማለታቸው ሲደበደቡ ያያል፤ ጉዞውንም ሰርዞ ከታጋዮቹ ጋር ይቀላቀላል።

የፊልሙ ልብ ያለው ግን በሌላ ቦታ ነው። ዴሚየን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን፣ በማስፈራራት ተገዶ ምሥጢር ያወጣ አንድ ታዳጊ በገዛ እጁ እንዲገድል ይታዘዛል። ሰው ለማዳን የተማረ እጅ ሽጉጥ ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ ከተኮሰም በኋላ ወደ ኮረብታው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ እናያለን። ቆይቶ ለወዳጁ ለሺኔድ ይህንኑ ይነግራታል፤ የልጁ እናት መቃብሩን እንዲያሳያት ጠይቃው ለሰዓታት ያለ አንድ ቃል አብራው እንደተጓዘች፣ በመጨረሻም ፊትህን ዳግመኛ ማየት አልፈልግም እንዳለችው። መርፊ ይህን ሲናገር አያለቅስም፤ ድምፁንም ከፍ አያደርግም። ውስጡ የሆነ ነገር እንደሞተ የሚናገረው ያ ድርቀት ነው። ኬን ሎች ፊልሞቹን በታሪኩ ቅደም ተከተል የሚቀርጽ፣ ተዋናዮቹም ነገ የሚገጥማቸውን አስቀድመው እንዳያውቁ የሚያደርግ ዳይሬክተር ነው፤ በፊታቸው ላይ የምናየው ድንጋጤም ከዚሁ አሠራር ይመጣል። ታሪኩ ሲጠናቀቅ በነጻነቱ ስምምነት ላይ የተለያዩት ዴሚየንና ወንድሙ በጠመንጃ አፈሙዝ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ወንድም በወንድሙ ላይ የተነሳበትን ጦርነት በቅርብ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ክፍል ማየት ቀላል አይሆንም።

ቶማስ ሼልቢን ለመጫወት እንዴት ተመረጠ? እንግሊዛዊ ነው እንዴ?

እንግሊዛዊ አይደለም። ቶማስ ሼልቢ ግን የእንግሊዟ የበርሚንግሃም ከተማ ሰው ስለሆነ መርፊ የከተማዋን አነጋገር መማር ነበረበት። የድራማው ደራሲ ስቲቨን ናይት እንደተናገረው፣ ሁለት ዕጩዎችን ባነጋገረ ጊዜ ልቡ ያዘነበለው ወደ ሌላኛው ነበር፤ መርፊ በአካል ሲያገኙት ዝምተኛና ለስላሳ ሰው ነው። ከዚያ ከመርፊ አንድ አጭር የስልክ መልእክት ደረሰው፤ ተዋናይ መሆኔን አትርሳ የሚል። ናይት ሐሳቡን ቀየረ።

ድራማው ከ2013 እስከ 2022 በስድስት ምዕራፍ 36 ክፍሎች ታይቷል። ሼልቢ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ የተመለሰ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው፣ ቀን ደግሞ ወንጀለኛ ቤተሰቡን የሚመራ ሰው ነው። ከአፉ የማይለየው ሲጋራ በእውነቱ ትንባሆ የሌለበት፣ ከዕፅዋት የተጠቀለለ ነው። የአክስቱን የፖሊን ሚና የተጫወተችው ሄለን ማክሮሪ በ2021 ማረፏ ስድስተኛውን ምዕራፍ በሐዘን ጥላ ሥር አስቀርቶታል፤ የሁለቱ ፍጥጫ የድራማው ምሰሶ ነበርና ጉድለቷ ይታወቃል። ሼልቢን በፀጉር አቆራረጡና በኮፍያው ብቻ የሚያደንቁት ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ መርፊ የተጫወተው ግን ጦርነት የሰበረውን ሰው ነው።

ለ«ኦፐንሃይመር» እንዴት ተዘጋጀ?

ኖላን ወደ ደብሊን በርሮ ሄዶ፣ ቅጂ እንዳይወጣለት በቀይ ወረቀት የታተመውን ጽሑፍ በሆቴል ክፍል እንዲያነብ ሰጠው። መርፊን ያስደነቀው የጽሑፉ አጻጻፍ ነበር። የፊልም ጽሑፍ እንደተለመደው «ኦፐንሃይመር ወደ ክፍሉ ገባ» ብሎ በሦስተኛ መደብ ይጻፋል፤ ይህ ግን በቀለም የተቀረጹትን ክፍሎች «ወደ ክፍሉ ገባሁ» እያለ በአንደኛ መደብ የሚተርክ ነበር። ይህ ማለት ሦስት ሰዓት በሚፈጀው ፊልም አብዛኛው ክፍል ተመልካቹ ዓለምን የሚያየው በአንድ ተዋናይ ዓይን ነው ማለት ነው። መርፊ ክብደቱን እጅግ ቀንሶ፣ የሳይንቲስቱን ንግግሮች አድምጦና ስለ እሱ የተጻፈውን አንብቦ ወደ ቀረጻው ገባ።

አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ከተጣለ በኋላ ኦፐንሃይመር ቦምቡ በተሠራበት በሎስ አላሞስ አዳራሽ ለተሰበሰቡት ባልደረቦቹ ንግግር ያደርጋል። ሕዝቡ በእግሩ ወለሉን እየደበደበ ይጮኻል። ከዚያ ድምፁ በሙሉ ይጠፋል፤ ነጭ ብርሃን አዳራሹን ይሞላል፤ የአንዲት ወጣት ቆዳ ሲላጥ ይታየዋል፤ ሲራመድም እግሩ በከሰለ ሬሳ ውስጥ ይገባል። አፉ የድል ቃል እየተናገረ ፊቱ ሌላ ነገር ይናገራል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ የቻለ ተዋናይ ነው ኦስካሩን ያገኘው።

በኦስካር ታሪክ የመጀመሪያው አየርላንዳዊ ነው?

በአየርላንድ ከተወለዱ ተዋናዮች የምርጥ መሪ ተዋናይ ኦስካርን በማሸነፍ የመጀመሪያው ነው። ማርች 10 ቀን 2024 በተካሄደው 96ኛው ሥነ ሥርዓት «ኦፐንሃይመር» ሰባት ሽልማቶችን ሲወስድ አንዱ የእሱ ነበር፤ ቀደም ብሎም የጎልደን ግሎብና የባፍታ ሽልማቶችን ወስዷል። ጥያቄው የሚነሳው በዳንኤል ዴይ ሉዊስ ምክንያት ነው፤ እሱ የአየርላንድ ዜግነት ያለውና ይህንኑ ሽልማት ሦስት ጊዜ ያገኘ ቢሆንም የተወለደው ለንደን ነው። በደጋፊ ተዋናይነት ደግሞ የደብሊኖቹ ባሪ ፊትዝጀራልድና ብሬንዳ ፍሪከር ከመርፊ ቀድመው አሸንፈዋል።

መርፊ በዚያ ምሽት ኩሩ አየርላንዳዊ መሆኑን ተናግሮ፣ ሁላችንም በክፉም በደጉም ኦፐንሃይመር በፈጠረው ዓለም ውስጥ እንደምንኖር አስታውሶ፣ ሽልማቱን በየትም ላሉ የሰላም ሰዎች አበርክቷል። ንግግሩን የዘጋው በአየርላንድ ቋንቋ አመስግኖ ነው።

ከ«ኦፐንሃይመር» በኋላ ምን ሠራ?

ብዙ ሰው ትልቅ የሆሊውድ ፊልም ይጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን ወደ አየርላንድ ትንሽ ከተማ ተመለሰ። «ስሞል ቲንግስ ላይክ ዚስ» በክሌር ኪጋን አጭር ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ያው የድሮ ወዳጁ ኤንዳ ዋልሽ ነው። የገንዘብ ድጋፉ የመጣው መርፊ በ«ኦፐንሃይመር» ቀረጻ ላይ ሐሳቡን ካካፈለው ከማት ዴመን ኩባንያ ነው። ፊልሙ በ2024 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫልን ከፍቷል።

ታሪኩ በ1985 የገና ሰሞን፣ ኒው ሮስ በተባለች ከተማ ይካሄዳል። ቢል ፈርሎንግ ከሰል ነጋዴና የአምስት ሴቶች ልጆች አባት ነው። አንድ ማለዳ ለገዳሙ ከሰል ሲያደርስ፣ በከሰል ማከማቻው ውስጥ የተቆለፈባት ወጣት ያገኛል። ገዳሙ «የመግደላዊት የልብስ ማጠቢያ» ከሚባሉት አንዱ ነው። በእነዚህ ተቋማት ከጋብቻ ውጭ ያረገዙና በልዩ ልዩ ምክንያት የተጣሉ ሴቶች ተዘግቶባቸው ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር፤ አየርላንድ ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶች በዚያ አልፈዋል። የመጨረሻው የተዘጋው በ1996 ነው፤ መርፊ በኮርክ መድረክ ላይ በወጣበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። መንግሥት ይፋዊ ይቅርታ የጠየቀው በ2013 ነው።

ፈርሎንግ ሲመሽ ወደ ቤቱ ገብቶ በጠባቡ መታጠቢያ ቤት እጆቹን በብሩሽ ይፈትጋል። ውሃው ይጠቁራል፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ከሰል ግን በቀላሉ አይለቅም። በሌላ ቀን የገዳሙ እመ ምኔት፣ ኤሚሊ ዋትሰን የምትጫወታት፣ በእሳት ዳር አስቀምጣ ገንዘብ በፖስታ አድርጋ ትሰጠዋለች። መርፊ በዚህ ትዕይንት የሚናገረው ከጥቂት ቃል አይበልጥም፤ ፖስታውን ሲቀበል ዓይኑን ማንሳት የማይችል ሰው ሆኖ ይቀመጣል። ሚናውን ከ«ኦፐንሃይመር» ባነሰ ሕዝብ ፊት ቢጫወተውም፣ የበለጠ የከበደው ይህኛው ይመስለኛል። ከዳይሬክተሩ ከቲም ሚላንትስ ጋር በ2025 «ስቲቭ» የተሰኘ ፊልም ደግሞ ሠርተዋል፤ በዚህኛው የመምህራን ልጅ የሆነው መርፊ የባሕርይ ችግር ያለባቸው ታዳጊዎች ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኗል።

የት ይኖራል? የግል ሕይወቱስ?

ከሠዓሊና የእይታ ጥበብ ባለሙያ ባለቤቱ ከኢቮን ማክጊነስ ጋር የተጋቡት በ2004 ሲሆን ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ለረጅም ዓመታት በለንደን ከኖሩ በኋላ፣ ልጆቹ አየርላንዳዊ ሆነው እንዲያድጉና ከአያቶቻቸው እንዳይርቁ በማሰብ በ2015 ወደ ደብሊን ተመልሰዋል። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የግል ገጽ ስለሌለው በስሙ የሚከፈቱትን ገጾች ማመን አይገባም።

በ2024 ባልና ሚስቱ በምዕራብ አየርላንድ ጫፍ በዲንግል ከተማ የሚገኘውን ፊኒክስ ሲኒማ ገዙ። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ይህ ሲኒማ ቤት በ2021 ተዘግቶ ነበር። መርፊ በልጅነቱ ለበጋ ዕረፍት ወደዚያ ሲሄድ ፊልም ያይበት የነበረ፣ አባቱም በወጣትነታቸው የገቡበት ቤት ነው።

ሥራዎቹን ማየት የሚፈልግ ሰው ከየትኛው ይጀምር?

ሼልቢን ብቻ የሚያውቅ ተመልካች በ«ስሞል ቲንግስ ላይክ ዚስ» ቢጀምር እመርጣለሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ የሚተውነውም ያ ሰው መሆኑን ለማመን እስኪያስቸግር ድረስ የተለየ ነው። ቀጥሎ «ዘ ዊንድ ዛት ሼክስ ዘ ባርሊ»፣ ከዚያ «ኦፐንሃይመር» ቢታዩ መልካም ነው። የመጀመሪያውን ሲያዩ ግን ድምፁን ከፍ አድርገው በጸጥታ ይመልከቱት፤ የከሰል ጆንያ ሲወርድ፣ ብሩሹ ጥፍር ሲፈትግ፣ ከቅጥሩ ወዲያ የገዳሙ ደወል ሲሰማ አብዛኛው ነገር የሚነገረው በዚያ ነው።